ኮልታፋ ልጅ ጆሮውም ይታይለት

ልጄ ቅዳሜ ገበያን «ጥዳሜ ደበያ» ይላል። ቀበሮም «ጠበሮ» ነው። አምስት ዓመቱ ነው። ጎንደር ውስጥ ኮልታፋ ልጅ ይዘሽ ከወጣሽ ምክር አይጠፋም። አያቱ «አባቱም እንዲህ ነበር፣ ይለቀዋል» አሉ። ጎረቤታችን ምላሱ ስር ያለው ጅማት ይቆረጥ አለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጆሮው ነው። ጉንፋን አይለየውም፤ በግራ በኩል ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም።

«ሲጨበጨብለት ይዞራል እኮ!» ይሉኛል። ጭብጨባ መስማትና «ቅ»ን ከ«ጥ» መለየት ግን ለየቅል ነው።

አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው። ድምፅ ሲሰማ ኩብ ጣል ቢባል ሁሉንም አንዴ በተናቸው። ስለዚህ ኤቢአር የሚሉት ምርመራ ታዘዘለት። ድምፅ ከጆሮ ተነስቶ በነርቭ እስከ አንጎል ግንድ የሚያደርገውን ጉዞ ይለካል። ልጁ መልስ አይጠየቅም፤ እንዲያውም ቢተኛ ይመረጣል። ማታ አስመሽተን፣ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰን ወሰድነው። ባለሙያዋ ግንባሩንና ከጆሮው ኋላ ያለውን ቆዳ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ሽቦ ለጠፈችበት። ከዚያ በማዳመጫው ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የአንዷ ጠቅታ ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነች ማሽኑ ከ1000 ጊዜ በላይ ደጋግሞ አማካዩን ያወጣል። ስክሪኑ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ሞገዶች ታዩ፤ አንደኛው ከጆሮ ነርቭ፣ አምስተኛው ከላይ ከአንጎል ግንድ። ሁሉም በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቃል!

የግራ ጆሮው ሞገዶች በሙሉ ዘግይተው መጡ። ክው አልኩ። ባለሙያዋ በጣቷ እያሳየች «ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያለውን እይው፤ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። መንገዱ ደህና ነው። የዘገየው በሩ ላይ ነው» አለችኝ። የጆሮ ታምቡር ምርመራውም ይህንኑ አሳየ፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

መኮላተፉን ያመጣው ፈሳሹ ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ፈሳሹ ከ3 ወር በኋላ ድጋሚ ይታያል፤ የንግግር ልምምዱን ጀምረናል። የቅል ሥዕልና የሁለት ልጆች ጥል ሥዕል ፊቱ አስቀምጣለሁ። «ቅሉን ስጠኝ» ስለው ትክክለኛውን ያነሳል፤ ሲያነሳው ግን «ጥል» ይላል። ለይቶ መስማቱ ብቻ ተስፋ ሰጥቶኛል።

ሲወለድ ከባድ የወፍ በሽታ የነበረበት ልጅ ካላችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። በዚህ በሽታ የተነሳ አንዳንዴ ጆሮው ራሱ እየሠራ በነርቩ የሚሄደው መልእክት ይዘባረቃል። ልጁ ድምፁን ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይጠራለትም። ይህንን ደግሞ ጭብጨባ አያወጣውም።