ከተራራው እይታ በፊት የእጣቢው ታንክ

የካምፕ ቦታ ሲመረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው፤ ሐይቁን፣ ተራራውን፣ የጀንበሯን መጥለቅ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እጣቢው የት እንደሚደፋ ነው። ትንሽ አርቪ (መኝታና ማዕድ ቤት ያለው መኪና) ማለት ትንሽ ታንክ ማለት ነው። ስድስት ሜትር ገደማ በሚሆን ቫን ውስጥ ንጹሕ ውሃው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ጋሎን ነው፤ የእጣቢው ታንክ ከዚያ ያንሳል፣ የሽንት ቤቱ 10 ጋሎን ቢሆን ነው። ሁለት ሰው ቆጥቦ ቢጠቀም ሦስት ቀን ያህል ያስኬዳል። ቀድሞ የሚሞላው እጣቢው ነው፣ በተለይ ቡና በሚፈላበት ቤት፤ ጀበናው ይለቀለቃል፣ ሲኒው ይታጠባል፣ የወጥ ድስቱ ይፈተጋል። ድስቱን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ ብቻውን ብዙ ውሃ ያተርፋል፤ ቅባቱም የታንኩን ጠቋሚ አያበላሽም።

ለምሳሌ በቨርጂኒያ ያለውን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ልውሰድ፤ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሳ ወገን ቅርብ ከሚባሉት ተራሮች አንዱ ነውና። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገዱ 105 ማይል ነው፤ የሚቆጠረውም ከሰሜን፣ ከፍሮንት ሮያል መግቢያ ጀምሮ ነው። አርቪ የሚያድርባቸው አራት ካምፖች አሉ፦ ማቲውስ አርም 22ኛው ማይል ላይ፣ ቢግ ሜዶውስ 51ኛው ላይ፣ ሉዊስ ማውንቴን 57ኛው ላይ፣ ሎፍት ማውንቴን 79ኛው ላይ። በአንዳቸውም የመብራት መሰኪያ የለም። ታንክ የሚደፋበት ቦታ በሦስቱ አለ፣ በሉዊስ ማውንቴን የለም። ሉዊስ ትንሽና ጸጥ ያለ ስለሆነ እወደዋለሁ፤ ግን ለመጀመሪያው ሌሊት እንጂ ለሦስተኛው አልመርጠውም።

የፓርኩ ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። ከፍሮንት ሮያል ቢግ ሜዶውስ ለመድረስ ሳይቆሙ እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፣ እይታው ላይ እየቆሙ ከሆነ ደግሞ እጥፉን። ሲመሽ አጋዘን መንገዱን ያቋርጣል፣ ጉሙም ድንገት ይወርዳል። ስለዚህ ጀንበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ቦታው ላይ መሆን ይገባል። ቢመሽብኝ እይታው ላይ አቁሜ እተኛለሁ ማለት አይሠራም፤ እዚያ ማደር ክልክል ነው። 32ኛው ማይል ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ትንሽ ቫን ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣ ቢኖረውም በሰላም ያልፋል፤ ቢሆንም የመኪናችሁን ቁመት ለክታችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። በኦክቶበር ቅጠሉ ሲቀላ ቅዳሜና እሁድ ቦታ አይገኝም፤ ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ አስቀድሞ መያዝ ነው።

መሰኪያ በሌለበት ቦታ ሌሊቱን የሚወስነው ባትሪው ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የምግብ ማቀዝቀዣ በቀን 40 አምፔር ሰዓት ያህል ይበላል፤ ተራራው ላይ ሲበርድ ደግሞ የማሞቂያው ፋን ሌሊቱን ይዞራል። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሌሊት ብቻ። ሊቲየም ሁሉንም ሊባል በሚችል ደረጃ ይሰጣል። በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ዕቃ) እንጀራ እጋግራለሁ ለሚል ሰው ሒሳቡ ይኸው፦ 1500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ125 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ያ ባትሪ ሊቲየም ቢሆን እንኳ አንድ ሰዓት አይቆይም። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይምጣ።

ቦታው ላይ ሲደረስ ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ ወደ ላይ ማየት ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ የአሽ ዛፍ በነፍሳት ተበልቶ ደርቋል፤ ቅጠል የሌለው ትልቅ ቅርንጫፍ ከራሴ በላይ ካየሁ እዚያ አልተኛም። ያው ነፍሳት እንዳይዛመት ነው ከውጭ ያልታከመ ማገዶ ወደ ፓርኩ ማስገባት የተከለከለው። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የኦክ ዛፍ ፍሬ ጣሪያው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል፤ ድምፁ ድንጋይ ነው። ከዚያ መሬቱ። ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አድርጎ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ ጎማው ሥር መርገጫ መደርደር ነው። ተሳቢ ከሆነ የጎን ለጎኑ ልክ ከመኪናው ሳይፈታ በፊት ይስተካከላል፣ ከዚያ ጎማው ታኮ ይደረግለታል፣ ከዚያ ይፈታል፤ የፊትና የኋላው በክሪኩ ይስተካከላል። ታኮ ሳይደረግ የተፈታ ተሳቢ ቁልቁል ይሄዳል። በጋዝ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ማቀዝቀዣ ካዘነበለ በውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞር ያቆማል፣ ቱቦውም ይቃጠላል፤ ኮምፕረሰር ያለው ግን ግድ የለውም።

ድብ አለ። በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ የቡና ቁርስ፣ ዕጣንም ጭምር፣ ሽታ ያለው ሁሉ ጠንካራ ግድግዳ ባለው መኪና ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። ማዕድ ቤቱ በስተኋላ የሚከፈት ትንሽ ተሳቢ ወይም ግድግዳው ሸራ የሆነ ከሆነ ምግቡ ወደሚስበው መኪና ይግባ።

ሁለት ሌሊት እንዲህ ካለፈ ሦስተኛውን መሰኪያ ያለው የግል ካምፕ ላይ አደርገዋለሁ፤ ዋጋው ቢበልጥም ባትሪው ይሞላል፣ ታንኩ ይደፋል፣ ልብስ ይታጠባል። እዚያ ትልቁ ጥንቃቄ የመሰኪያው ሣጥን ነው። ክዳኑን ከፍቶ የ30 አምፔሩን ሦስት ቀዳዳዎች በእጅ ባትሪ ማየት ነው። በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ካበጠ፣ ውስጡ ያለው መያዣ ላልቶ እየጋለ ነበር ማለት ነው፤ የእናንተንም መሰኪያ ያቀልጠዋል። ሌላ ቦታ ጠይቁ፣ አታፍሩ። ደህና ከሆነ ብሬከሩን ዝጉ፣ የቮልቴጅ መከላከያውን ሰኩ፣ ብሬከሩን ክፈቱ፣ ቁጥሩን አንብቡ፤ ቤቱን የምትሰኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሞቃት ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የአየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከ104 በታች ከሄደ የአየር ማቀዝቀዣችሁ ኮምፕረሰር ብዙ አምፔር እየሳበ ይቃጠላል። 30 አምፔር ማለት 3600 ዋት ነው። የጣሪያው ማቀዝቀዣ 1500፣ ምጣዱ 1500፤ እዚህ ላይ የውሃ ማፍያ የጨመረ ሰው ብሬከሩ ይጥልበታል።

የውሃው ግፊት መቀነሻ የሚገባው ቧንቧው ላይ ነው፣ ከቱቦው በፊት፤ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል። የሽንት ቤቱ ቫልቭ ግን ቱቦው ቢሰካም ተዘግቶ ይቆይ። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይከመራል፤ እሱን ለማውጣት ያለው ሥራ አይወራም። ሲደፋ ጓንት ተደርጎ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ከዚያ እጣቢው ይለቀቃል፣ ቱቦውን ያጥበዋልና። በመጨረሻ አንድ ሁለት ጋሎን ንጹሕ ውሃ ከሽንት ቤት መድኃኒት ጋር ወደ ሽንት ቤቱ ታንክ ይመለሳል።

መንገድ ላይ ብቻ ለማደር ደግሞ፦ በቨርጂኒያ የአውራ ጎዳና ማረፊያ የተፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው፣ አዳር አይሆንም። የትልልቅ ሱቆች ግቢ እንደ ሱቁና እንደ ከተማው ሕግ ይለያያል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተፈቀደ ወንበርም ጥላም አይዘረጋም። ዕቃ ከሚራገፍበት በርና ማቀዝቀዣ ካለው የጭነት መኪና ራቁ፤ ሞተሩ ሌሊቱን በየጊዜው ይነሳል። የመኪናው ፊት ወደ መውጫው ይሁን።

ወደ ፊላደልፊያ ወይም ወደ ኒው ዮርክ ለሚሄድ አንድ ነገር ይቀራል። በባልቲሞር ሁለቱም የወደብ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ መኪና አያልፍም፤ የተለመደው የአርቪ ሲሊንደር ደግሞ 20 ፓውንድ ነው። ቀድሞ በምሥራቅ በኩል መሻገሪያው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ፈርሷል። ስለዚህ በ695 መንገድ ከተማዋን በምዕራብ ዞሮ መሄድ ግድ ነው። የስልኩ ካርታ ጋዝ መያዛችሁን ስለማያውቅ ቀጥታ ወደ ዋሻው ይመራችኋልና መንገዱን ከቤት ሳትወጡ ያዙት።