ሳይታጠብ የተሰፋ ጥለት

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ወደምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አንድ ወጣት ዲዛይነር ከአዲስ አበባ መጣ። ከአንድ ዘፋኝ ጋር ተጣምሮ የስፖርት ጃኬት ሊያወጣ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመናዊው እግር ኳስ ተጫዋች በቤከንባወር ስም ያወጣውን ቱታ መልክ የማያውቅ የለም፤ ሦስቱ መስመሮች እጅጌው ላይ ይወርዳሉ። ልጁ በመስመሮቹ ፋንታ የዶርዜ ሸማ ጥለት እንዲገባ ፈለገ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የለንደኗ ዲዛይነር ግሬስ ዌልስ ቦነር ከአዲዳስ ጋር የሠራችው ጃኬት ነው፤ መስመሮቹ በኪሮሽ ተሠርተዋል። ሥራው ያስቀናል። ግን ኪሮሽ ይለጠጣል፣ የቱታ ጨርቅም ይለጠጣል፤ ተስማምተው ይኖራሉ። ሸማ እንደዚያ አይደለም። አይለጠጥም፣ ገና ውኃ ሲነካው ደግሞ ይሰበሰባል። የቱታው ጨርቅ፣ ፖሊስተሩ፣ ግን ውኃ ቢነካውም አይሰበሰብም።

ይህን በቃል ነገርኩት፣ አልገባውም። ስለዚህ አንድ እጅጌ እሱ እንዳለው ሰፍቼ በሙቅ ውኃ አጠብኩና ሲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ጥለቱ አጥሮ ጨርቁን ከግራና ከቀኝ ጨምድዶታል። ክርኑ ጋ እጥፋቱ ጣት ያስገባል።

ልጁ እጅጌውን አገላብጦ አየ። ከዚያ "ጋሼ፣ ፎቶ ላይ እኮ አይታይም" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "የሚገዛህ ሰው ፎቶውን አይደለም የሚለብሰው" አልኩት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንዴ አጥቦ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚጥለውን ሰው አሰብኩ። ያንን ጥለት ቁጭ ብሎ የሸመነውንም ሰው አሰብኩ። የሱ ሥራ ነው ተበላሸ የሚባለው።

አለቃዬ ከኔ ጋር ቆመ። ሸማው በሙሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከዚያ ተቆረጠ። ጥለቱንም አጥብበን ክርኑ ላይ አቋረጥነው፤ እጅ ሲታጠፍ እንዳይዝ። ልጁ ቀን አባከናችሁብኝ ብሎ አኮረፈ።

ጃኬቱ ወጣ፣ ተወደደ። የአንገቱ ምልክት ላይ የሱና የዘፋኙ ስም አለ። የሸማኔው የለም፣ የኛም የለም። ጥምረት ከተባለ እኛም ተጣምረን ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ሸማው ታጥቧል ወይ? የሸማኔው ስምስ የት ይጻፋል?