ግፊት ስቀንስ አረፋው ባሰ

ለፋሲካ ዘመድ አዝማዱ ሱሉልታ እኔ ቤት ነበር የተሰበሰበው። ቤት የጠመቅኩትን ቢራ በ19 ሊትር ኬግ (የብረት የቢራ በርሜል) ሞልቼ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሊንደር አገናኝቼ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ በር ላይ ቧንቧ አውጥቼ ጉራዬን ስነዛ ሰንብቻለሁ። የመጀመሪያውን ጃምቦ ለአማቴ ቀዳሁላቸው። ሦስት አራተኛው አረፋ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አማቴ ጃምቦውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና "ልጄ፣ ማኪያቶም ትሠራለህ እንዴ?" አሉኝ።

አረፋ ከበዛ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው ብዬ ከ12 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 5 አወረድኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል የተሻለው መሰለኝ። በማግስቱ ግን ጉድ ፈላ። ቢራውን ከኬጉ ወደ ቧንቧው የሚያመጣው ጎማ ውስጥ ስንዝር ስንዝር የሚያህል ባዶ ቦታ ይታያል። ቧንቧውን ስከፍተው ቱፍ ቱፍ ይላል። ጃምቦው አረፋ ይሞላና፣ አረፋው ሲሟሽሽ ከሥር የሚቀረው ቢራ ደግሞ ጋዝ የሚባል የለውም። አረፋም ብዙ፣ ቢራውም የሞተ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ቆይቶ ነው የገባኝ። ጋዙን ቢራው ውስጥ አፍኖ የያዘው ከላይ የተጫነው ግፊት ነው። ጫናውን ሳነሳለት ጋዙ ከቢራው እየወጣ ጎማው ውስጥ ተጠራቀመ። ስቀዳ እሱ ነው ቢራውን እየገፋ አረፋ የሚያደርገው።

በአራተኛው ቀን ሲሊንደሩ ባዶ ሆነ። ዋዜማውን የሲሊንደሩ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) እንደ ሙሉ ነበር የሚያሳየው። ለካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ መርፌው ንቅንቅ አይልም፣ ካለቀ በኋላ ግን ወዲያው ይወድቃል። የቀረውን የሚናገረው ሚዛን ብቻ ነው። የኔው ሲሞላ 2.3 ኪሎ ጋዝ ይይዛል፣ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል። አሁን አልፎ አልፎ ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ቦምብ መስሎት ነበር።

አስሞልቼ ስመጣ ሳሙና በጥብጬ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ። ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደሚፈልገው ማለት ነው። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ደህና። የጎማው ጫፎች ደህና። ክዳኑ ዙሪያ ስደርስ ግን በአንድ በኩል እንደ ሽሮ ይንተከተካል። የዚህ ዓይነት ኬግ ክዳን የሚጠብቀው ከውስጥ በሚገፋው ጋዝ ነው። 5 ፒ.ኤስ.አይ ኦሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) ለማጣበቅ አይበቃውም። ግፊቱን ወደ 30 ከፍ አድርጌ ክዳኑን ወደ ላይ ስስበው ፀጥ አለ። ትርፉን ጋዝ አስወጥቼ ወደ 12 መለስኩት። አረፋውን ያባሰውም፣ ጋዙን ያስጨረሰውም ያው አንድ ሥራዬ ነበር። (ፍሪጁ ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሆነ እንዲህ ያለ ማፍሰስ ለሰውም አደገኛ ነው። መስኮት ክፍት ይሁን።)

12 የምትለዋ ቁጥር ራሷ ከየት መጣች? ዕቃው ጋር ከመጣው ወረቀት ላይ። ለ4 ዲግሪ 12 ይላል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የሚጫነን አየር ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ውኃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የጎደለውን ለማካካስ ወረቀቱ ላይ ካለው ወደ 4 ፒ.ኤስ.አይ መጨመር ነበረብኝ። እኔ ጭራሽ 7 ቀነስኩ።

16 አደረግኩት። በ1.5 ሜትር ጎማ 16 ማለት ግን ግድግዳ መርጨት ነው። ስለዚህ ያንኑ ቀጭን ጎማ 4 ሜትር ገዝቼ ኬጉ ላይ ጠመጠምኩት። ቢራው ረጅሙን ጎማ ታክኮ ሲመጣ ፍጥነቱ ይበርድለታል፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጎማ ስትገዙ አስረዝሙ፤ ከበዛ ይቆረጣል። ቧንቧውንም አንዴ ሙሉ በሙሉ መክፈት ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ገርበብ ማድረግ አረፋ ይጠራል።

መብራት ሲጠፋ ግን ምንም ብልሃት አላገኘሁም። ቢራው ሲሞቅ ጋዙ አልያዝ ይላል። ያን ቀን ሬጉሌተሩን ሳልነካ በሩን ዘግቼ እጠብቃለሁ።

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ የመጀመሪያው ጃምቦ ትንሽ ያረፋል። ቧንቧው ከፍሪጁ ውጭ ስለሆነ ብረቱ ይሞቃል። እሱን ራሴ እጠጣውና ሁለተኛውን ለአማቴ እሰጣቸዋለሁ።