የእማማ ሙሴን ዘር ስቆጥር

ነገሩ የጀመረኝ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው። ግድግዳው ላይ ካላንደር ተሰቅሏል። ስዕሉ በረዶ የሸፈነው የገበሬ ግቢ ነው። ሰዉ ከዛፍ የተንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በባልዲ ያመላልሳል። ትልቅ የብረት ድስት ተጥዷል። ልጆች ይሯሯጣሉ። ሠዓሊዋ «ግራንድማ ሞዘስ» ይላል። በእኛ አፍ እማማ ሙሴ መሆናቸው ነው።

ማታ ቤት ገብቼ «እስኪ እኚህ ሴትዮ የማን ዘር ናቸው?» ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። እንቅልፍ ደህና ሰንብት።

አና ሜሪ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1860 ኒውዮርክ ግዛት፣ ግሪንዊች በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። እስከዚህ ቀላል ነው። በእናታቸው በኩል ግን ሻናሃን የሚለውን የአየርላንድ ስም ይዤ ትንሽ እንደሄድኩ መንገዱ ጠፋብኝ። ከ1850 በፊት የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በስም የሚጽፈው አባወራውን ብቻ ነበር። ሚስትና ልጅ በዕድሜ ዓምድ ውስጥ ቁጥር ናቸው። «ሴት፣ ከ20 እስከ 30፣ አንድ።» አለቀ! ሲያገቡ ደግሞ የአባታቸው ስም ይቀራል። እናቴ እስክትሞት በአባቷ ስም ነበር የምትጠራው፤ ለካ ይሄም ሀብት ኖሯል።

እማማ ሙሴ በ12 ዓመታቸው ሰው ቤት ተቀጠሩ። 15 ዓመት ያህል የሰው ወጥ ሠሩ። በ1887 እንደሳቸው ተቀጣሪ የነበረውን ቶማስ ሞዘስን አግብተው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ገቡ። ቅቤና ድንች ቺፕስ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። በ1890ው ቆጠራ አዲሶቹን ባልና ሚስት አገኛለሁ ብዬ ቋመጥኩ። የለም። በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት አብዛኛው መዝገብ ተበላሽቷል። ሰው በወረቀት ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ።

ዝናቸው የመጣው በእርጅና ነው። ጥልፍ ይወዱ ነበር፤ ቁርጥማት እጃቸውን ሲይዘው ወደ ቀለም ዞሩ። ባዛር ላይ ማርማላታቸው ሲሸለም ስዕላቸውን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1938 አንድ መንገደኛ ሁሲክ ፎልስ በምትባል የኒውዮርክ መንደር ያለ ፋርማሲ ውስጥ ስዕሎቹን አየ። ዋጋቸው ከ3 እስከ 5 ዶላር ነበር። ያሉትን ሁሉ ገዛቸው። ቀሪውን ዓለም ያውቀዋል። 101 ዓመት ኖሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የ1900ው ቆጠራ ቅጽ ላይ ለእናቶች ብቻ የተሠሩ ሁለት ጠባብ ዓምዶች አሉ። ስንት ወለደች? ስንቱ በሕይወት አለ? እማማ ሙሴ አሥር ወልደው አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። በ1905 ወደ ኒውዮርክ ሲመለሱ አምስቱን ትንንሽ መቃብር ሸናንዶዋ ጥለው ነው የሄዱት።

ሐሙስ ለጥርሴ እመለሳለሁ። ካላንደሩ ካልተነሳ፣ በረዶው ላይ የሚሯሯጡት ልጆች ስንት እንደሆኑ እቆጥራለሁ።