የኪቦርዱ ግራ እጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ ጊታር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር) ይዤ ሥራ መፈለግ ስጀምር የሚቀናቀነኝ ሌላ ቤዚስት አልነበረም። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የሰርግ ባንዶች ውስጥ ቤዙን የሚመታው ኪቦርዲስቱ ነው። በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው ቤዙን ይይዛል። ከበሮውንም ብዙ ጊዜ ማሽን ይመታዋል። ወጪው ይቀንሳል፣ ዕቃው አንድ ታክሲ ላይ ይጫናል፣ ገንዘቡም ለጥቂት ሰው ይካፈላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ግን ቤዝ ራሱን የቻለ ቦታ ነበረው። የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ወይም የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ቤዝን የወደድኩት በአባቴ ካሴቶች እነሱን እየሰማሁ ነው። ስማቸውን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። እኛ ቤት የነበሩት ካሴቶች ሽፋን ላይ የድምፃዊው ስም በትልቁ ተጽፎ፣ የተጫዋቾቹ የለም።

የቀን ሥራዬ ሂሳብ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በ2006 ዓ.ም. ያገለገለ ባለ 4 ክር ቤዝ ገዛሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በኢርፎን ብቻዬን ተለማመድኩ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ያየሁትን ባንድ መሪ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ ኪቦርዲስት ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«ላንተ የምከፍለው ብር የለኝም» አሉኝ ስንገናኝ። «ቤዝ ደግሞ አለኝ።» ግራ እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ።

«ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ብቻ ልምጣ» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። ሁለት ወር ያህል ስፒከር ተሸከምኩ፣ ኬብል ጠቀለልኩ፣ ጥግ ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ ተጫወትኩ። ዛሬ ባንድ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ወጣት ሲጠይቀኝ ይህንኑ እመክራለሁ። ችሎታህን ከማሳየትህ በፊት ልምምድ ላይ በሰዓቱ ተገኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በሰዓቱ የሚመጣ ሰው በጣም ይፈለጋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርቴ ትዝታ በሚባለው ቅኝት ላይ ነበር። ከኢንተርኔት የተማርኩት ቤዝ ከአንዱ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ወደ ሌላው ሲሻገር መሀሉን በድምፆች እየሞላ ነው። እንደዚያ ስሄድ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ሁሉም ቆመ።

«ያቺን ድምፅ ከየት አመጣሃት?»

«የቷን?»

«ፋን። ትዝታ ቤት ውስጥ ፋ የምትባል የለችም።»

እውነት ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ብቻ። እኔ ለማሻገሪያ ብዬ ፋን ስጨምር ዘፈኑ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ባቲ ሜጀር በሚባለው ሌላ ቅኝት ውስጥ ደግሞ ፋ አለች፣ ሲም አለች፣ ሬና ላ ግን የሉም። አንድ የተሳሳተ ድምፅ ከቀጭን ክር ሲወጣ ሊያልፍ ይችላል። ከቤዝ ሲወጣ ግን ሁሉም የቆመበትን መሬት ያንሸራትታል።

በጣም ያስቸገረኝ አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ነው። የቤዝ ተጫዋች እጅ የትም አገር ቢሆን በልማድ ዶና ሶል ላይ ያርፋል። አንቺ ሆዬ ውስጥ ያቺ የለመድናት ሶል የለችም። በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ዶ፣ ሬ ቤሞል (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። ስለዚህ እጅህ የለመደውን ሁሉ ትተህ እንደ አዲስ ትማራለህ። ለዚህ የጠቀመኝ ቤዙን አስቀምጦ ማዜም ነው። በአፌ ማዜም ያልቻልኩትን በጣቴ አልነካም። ይህን እስካሁን አልተውኩትም።

ቀጥሎ ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት መጣ። ምቱ 6 ነው። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገህ ለሁለት ልትከፍለው ትችላለህ። ሁለት ሁለት አድርገህ ለሦስትም ልትከፍለው ትችላለህ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ ነው ትከሻ የሚነሳው። እኔ መጀመሪያ ሁለቱንም ብቻዬን ለመጫወት እሞክር ነበር። ድራመራችን አንድ ቀን «አንተ ሁለቱን ያዝልኝ፣ ሦስቱን ለእኔ ተው» አለኝ። ያን ቀን የምመታቸውን ድምፆች በግማሽ ቀነስኩ። ጨዋታው ወዲያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ጣቴን አላይም፤ የሚጨፍረውን ሰው ትከሻ ነው የማየው። ትከሻው ከዘገየ እኔ አንድ ነገር አብዝቻለሁ ማለት ነው።

ስለ ኪ፣ ማለትም ዘፈኑ ስለሚነሳበት የድምፅ ከፍታ፣ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ድምፃዊ ሲደክመው «ግማሽ አውርዱልኝ» ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ይጫንና የለመደውን ጣት ይዞ ይቀጥላል። የእኔ ክሮች ቁልፍ የላቸውም። የጋሼን እጅ እያየሁ ብከተል ደግሞ እሳሳታለሁ፤ እጃቸው የሚያሳየው ኪና የሚሰማው ኪ ይለያያሉና። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን፣ ሲጀምር የሚወስደውን ኪና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚወርድበትን ኪ ጻፍኩ። ሂሳብ ሠራተኛ መሆኔ እዚህ ጠቅሞኛል። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ሌሎች ባንዶች ቤዚስት ሲጎድልባቸው የሚደውሉልኝ በጣቴ ፍጥነት ሳይሆን በዚህ ደብተር ነው ብዬ አምናለሁ።

ድንኳንና አዳራሽ ለቤዝ ፈጽሞ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። የድምፁ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ይደርሳል። አዳራሽ ውስጥ ይህ ድምፅ ግድግዳ እየመታ ጥግ ጥጉ ላይ ይከማቻል። ጥግ የተቀመጡት እንግዶች ደረታቸው ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ያሉት አይሰሙም። ድንኳን ውስጥ ግን ሸራው አይዘውም፤ ወጥቶ ጎረቤት ይሄዳል። እኔ አዳራሽ ስገባ አምፔን (የቤዙን ድምፅ ማጉያ) ከጥግ አርቃለሁ፤ ወፍራሙንም እቀንሳለሁ። ድንኳን ላይ ተቃራኒውን አደርጋለሁ። ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ዙር በእግሬ እየዞርኩ እሰማለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የጆሮን ነገር ዘግይቼ ነው የተማርኩት። 85 ዴሲቤል ድምፅን ለ8 ሰዓት መስማት ይቻላል ይባላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከድራሙ ጎን ስድስት ሰዓት እንቆማለን። አንድ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት የካህኑን ድምፅ ሸፈነብኝ። በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ የጆሮ መድፈኛ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በትርፍ ሰዓት መጫወቴ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ያስገድዳል። ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ጥር ላይ ይጎርፋል። ከዚያ የሁዳዴ 55 ቀን ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና እንሯሯጣለን። የእኔ የቢሮ ጭንቅ ደግሞ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ሁለቱ አለመጋጨታቸው ለእኔ በረከት ነው። በጥር የማገኘውን ለሁዳዴ አስቀምጣለሁ። በቃል ብቻ ደግሞ አልሄድም። አንድ ጊዜ ደብረ ዘይት ድረስ ወስዶን፣ ሌሊቱን አጫውቶን፣ «ሰኞ አስገባለሁ» ብሎ የጠፋ ደጋሽ ገጥሞናል። ጋሼ ከኪሳቸው የታክሲ ከፈሉልን። አሁን ግማሹ ቀብድ ካልገባ ዕቃ አይጫንም።

ወደ ግራ እጃቸው ልመለስ። በ2007 መጨረሻ ከፍለው ያጫውቱኝ ጀመር። ግራ እጃቸው ግን አላቆመም። እኔም እመታለሁ፣ እሳቸውም ከሥር ይመታሉ። ሁለት ቤዝ ሲደራረብ ድምፁ ይደፈርሳል። ሳውንድ ማኑ ማንን እንደሚቀንስ ግራ ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው እኔ ነበርኩ። እንዲያቆሙ መጠየቅ ከበደኝ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት እጅ ነው። ዝም ብዬ እሳቸው የሚመቱትን አጥንቼ፣ እሳቸው ባሉበት እኔ ዝም እል፣ እሳቸው በሌሉበት እገባ ነበር።

ሚያዝያ 2008፣ ኮተቤ፣ ድንኳን። ጉራግኛው ሞቆ፣ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ድራመራችን አላቆመም። እናቶች እልልታውን አቀለጡት፣ አንዷ ከጓዳ ከበሮ አመጡ፣ ጭብጨባው ምቱን ያዘ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቀጠለ። እኔ ክሩ ላይ እጄን ጭኜ ከእነሱ ጋር በልቤ እቆጥራለሁ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። አምፔ ወዲያው በራ። ኪቦርዱ ግን ሲበራ ጊዜ ይወስዳል። የዙሩን አንደኛ ምት ጠብቄ ዶ ላይ ገባሁ። ከድራሙ ጋር አንድ ላይ መሬቱ ሲነሳ ተሰማኝ። ሰዉ ጮኸ፤ ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ ዞሮ አየኝ። አራት ዙር እኔና ድራመሩ ብቻ ሄድን።

ከዚያ ኪቦርዱ ተነሳ። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አስገቡ። የግራውን ጠበቅሁ። ወደ ኪቦርዱ ዘርግተዋት ትንሽ አቆዩአትና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። እስከ መጨረሻው ዘፈን አላነሷትም።