ድራይቨር ከመግዛቴ በፊት ግራ እጄን ማየት ነበረብኝ

ሰላም ሰላም ጓደኞቼ። ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓር 72 የሆነ (ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል የሚባል) የጎልፍ ሜዳ ላይ 18ቱንም ሆል (ጉድጓድ) በ98 ምት ጨረስኩ። ለብዙዎቻችሁ ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለኔ ግን ከ100 በታች ለመግባት አንድ ዓመት ከሰባት ወር ስለፈጀብኝ ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ደሞ ሰሞኑን አዲስ የጀመሩ ልጆች "አሰልጣኝ ልያዝ ወይስ ያለኝን ገንዘብ ጥሩ ዱላ ልግዛበት?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደሞ በዚህ ጥያቄ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

መልሴ ትምህርት ነው። ግን ዝም ብሎ ትምህርት አይደለም፣ እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ ስለነበረው ብዙ አላወራም። ሰባት ዱላ ብቻ ያለው ያገለገለ የዱላ ስብስብ ገዛሁ፣ ህጉ እስከ 14 ነው የሚፈቅደው ግን ለጀማሪ ሰባት ይበቃል፣ እስካሁንም በዚህ አቋሜ እንደጸናሁ ነኝ። ሁለት ሦስት ወር ኳስ መሳት፣ ከኳሷ በፊት መሬት መቆፈር፣ የኳሷን አናት መግጨት ምናምን፣ ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው። አምስተኛው ወር ላይ በሰባት አይረን (አይረን የብረት ዱላ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ኳሷን የሚመታው ፊቱ ይበልጥ ይጋደማል) ኳስ ማንሳት ቻልኩ፣ ከዛ ስላይስ መጣ።

ስላይስ የያዘው ሰው ያውቀዋል። ኳሷ ደህና ትነሳለች፣ ልብህ ሞላ ይላል፣ ከዛ መሃል ሰማይ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን እንደቀየረች ሁሉ ወደ ቀኝ ትታጠፍና ዛፍ ውስጥ ትገባለች። (ግራኝ የሆናችሁ ነገሩን ገልብጣችሁ አንብቡት።) በዘጠኝ አይረን ብዙም አይታይም፣ በድራይቨር (ሩቅ ለመምታት የሚያገለግለው ትልቁ ዱላ) ግን ጉድ ነው። እኔ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ በአይረን ደህና ከመታሁ ችግሩ ድራይቨሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለወራት ያጠራቀምኩትን አውጥቼ አዲስ ድራይቨር ገዛሁ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ህጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው መጠን 460 ሲሲ ያለው፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፈለጉት በኩል የሚስተካከል። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ሜዳ ላይ ሦስት ኳስ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ፣ አለቀ ተገላገልኩ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስላይሱ ተመለሰ፣ ያውም ኳሷ አሁን ከበፊቱ ርቃ ስለምትሄድ ዛፉ ውስጥም ጠልቃ ነው የምትገባው።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ኳስ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ ነው፣ መታጠፏን ደሞ የሚወስነው ፊቱ ዱላው ከሚሄድበት መንገድ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ተከፍቷል (ወደ ቀኝ ዞሯል) የሚለው ነው። ዘጠኝ አይረን ፊቱ ወደ ሰማይ ስለተጋደመ ኳሷ በብዛት ወደ ኋላ ነው የምትሽከረከረው፣ ስለዚህ ያው ስህተት ብዙ አይታይም። ድራይቨር ግን ሎፍቱ (የፊቱ መጋደም) አስር ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትንሽ መከፈቱ እንኳን ኳሷን ጎትቶ ያጣምማታል። ስህተቱ አይረኑም ላይ ነበር፣ አልታየኝም እንጂ። ኳሷና ዱላው ደሞ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፣ በዛች ቅጽበት እጄን አዙሬ አስተካክላለሁ ማለት አይቻልም፣ ዱላውን ከማወዛወዛችን በፊት ያልተስተካከለ ነገር እዛ ጋ አይስተካከልም።

ወደ አሰልጣኝ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ነገር ነገረኝ፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ጭንቅላት አታንቀሳቅሺ፣ ክርንሽን ወደ ጎንሽ፣ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስቀመጥ አንዱንም አላስታውስም ነበር። ተስፋ ቆርጬ ሁለት ወር ተውኩት። ሁለተኛው አሰልጣኝ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስዊንጌን (ዱላውን የማወዛውዝበትን መንገድ) እንኳን አላዩም። "ዱላውን ያዢ፣ ልትመቺ እንደሆነ ቁሚ፣ በቃ እንዳትንቀሳቀሺ" አሉኝ። ከዛ "ወደ ታች ስታዪ ከግራ እጅሽ ስንት የጣት አንጓ ይታይሻል?" አንድ አልኳቸው። "ሁለት፣ እንዲያውም ሁለት ተኩል እስኪታይሽ እጅሽን ወደ ቀኝ አዙሪው" አሉ። ዱላውም መዳፌ መሃል ላይ ነበር የተኛው፣ እሳቸው ወደ ጣቶቼ ስር አወረዱት። ያን ቀን የሰሩልኝ ይሄን ብቻ ነው፣ ቀሪውን ሰዓት ሃምሳ ኳስ በግማሽ ስዊንግ መታሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዲሱ አያያዝ በጣም ነው ያስጠላኝ። የሌላ ሰው እጅ የተገጠመልኝ ነው የሚመስለው። ኳሷ ወደ ግራ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፣ ርቀቴም ቀነሰ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት ደሞ አፍሬ በድሮው አያያዝ እመታለሁ። ልምምድ ላይ በአዲሱ፣ ጨዋታ ላይ በድሮው፣ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ሁለተኛው ትምህርት ላይ ምንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን ጓንቴን አውልቀው ገልብጠው አዩት፣ ከትንሿ ጣት በታች መዳፉ ግርጌ ላይ ተበልቶ ቀዳዳ አለው። "ይሄ የድሮው እጅ ነው፣ ዱላው መዳፍሽ ውስጥ ሲሽከረከር ነው እዚህ ጋ የሚበላው፣ አልተውሽውም ማለት ነው" አሉኝ። አልተቆጡም፣ አዲስ ጓንት አድርጊ ብለው ብቻ ቀጠሉ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዛ በኋላ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ አይረን አልጋዬ አጠገብ አቆምኩ። ጠዋት ሃምሳ ጊዜ ማንሳት፣ መያዝ፣ አንጓ መቁጠር፣ ማስቀመጥ። ኳስ የለም፣ ስዊንግ የለም። ስድስት ሳምንት አካባቢ ሲሞላ እጄ ሳላስበው ራሱ እዛ ቦታ መሄድ ጀመረ። እኔ እንግዲህ ከዚህ የተነሳ አያያዝ ኳስ እየመቱ አይቀየርም የሚል እምነት አለኝ፣ ኳስ ስትመታ አይንህ ኳሷ የት ሄደች የሚለው ላይ ነው፣ እጅህን ይረሳዋል።

ሌላ የምወደው መሣሪያ ደሞ አለ፣ ከአዲሱ ድራይቨር ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ነው። እግር ላይ የሚነፋ ነጭ ዱቄት የሚተው እስፕሬይ አለ አይደል? እሱን የዱላው ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ንፉት፣ ኳሷ የነካችበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታተማል። እኔ መሃሉን እየመታሁ ነው የሚመስለኝ፣ አስር ኳስ መትቼ ሳይ ሰባቱ ከሻፍቱ (ከዱላው ረጅም ዘንግ) ጋር በሚገናኝበት በኩል ተደርድረዋል። ድራይቨር በዛ በኩል ሲመታ ለብቻው ኳሷን ወደ ቀኝ ያጣምማታል፣ ማለትም ስላይሴ ሁለት ምንጭ ነበረው። አንድ አውራ ጣት ያህል ከኳሷ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ምልክቱም ቀስ በቀስ ወደ መሃል መጣ። ማንም ሳይነግርህ በራስህ ዓይን ስታየው ይለያል።

አንድ በጣም የምቃወመው ምክር አለ፣ "ወደ ቀኝ ከታጠፈብህ ወደ ግራ አነጣጥር" የሚለው። እባካችሁ ይሄን ለጀማሪ አትንገሩ። ሰውነትህን ወደ ግራ ባዞርክ ቁጥር ዱላው ኳሷን እያቋረጠ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፊቱ ግን እንደተከፈተ ነው፣ ስላይሱ ይብሳል። እኔ ይሄን ስምንት ወር አድርጌዋለሁ፣ ለማላቀቅ ደሞ ሁለት ዘንግ መሬት ላይ አጋድሜ፣ አንዱን ወደ ዒላማው አንዱን ለእግሬ፣ በየልምምዱ ማስተካከል ነበረብኝ።

ስለ ትምህርቱ ደሞ፣ በየሳምንቱ አትሂዱ። በሦስት ሳምንት አንዴ፣ በመሃል አንድ ነገር ብቻ ይዞ መለማመድ። ከአምስት ሰው ቪዲዮ እያያችሁ አትደባልቁ፣ አንዱ ለእሱ ተማሪ የነገረው ያንተ በሽታ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ስዊንግህን ሳያይ ዱላ ሊሸጥልህ የሚሞክር አሰልጣኝ ካጋጠመህ ደሞ ትተኸው ሂድ።

ዱላ ምንም አይለውጥም እያልኩ ግን አይደለም፣ እዚህ ጋ ራሴን ልቃረን ነው። ሦስተኛው ትምህርት ላይ አሰልጣኙ ሰባት አይረኔን አንስተው ሻፍቱ ለኔ በጣም ጠንካራ እንደሆነና እንደሚረዝምብኝም ነገሩኝ፣ በሱ የተነሳ ቀጥ ብዬ ነበር የምቆመው። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ያላችሁን ዱላ መጀመሪያ ለአሰልጣኙ አሳዩ፣ ቁመቱ የማይሆን ከሆነ ትምህርቱም ጠማማ ይሆናል። ግሪፑ (የዱላው መያዣ ላስቲክ) ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነም አስቀይሩት፣ ሙሉ ዱላ ከመግዛት በጣም ይቀላል። አይረን ስትገዙ ደሞ ከጀርባው ጎድጎድ ብሎ ክብደቱ ዳር ዳር ላይ ያለውን ምረጡ፣ መሃሉን ስትስቱ ይቅር ይላችኋል፣ ስስና ለስላሳ ጀርባ ያለው ያምራል ግን የኛ አይደለም። "አዲሱ ሰባት አይረን ርቆ ይመታል" ሲሏችሁ ሎፍቱን ጠይቁ፣ የድሮው 34 ዲግሪ አካባቢ ነበር፣ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ 30 ወይም ከዛ በታች ናቸው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው ሰባት።

እኔም ራሴ በዚህ መሃል 56 ዲግሪ ዌጅ (ፊቱ በጣም የተጋደመ ዱላ) ገዝቻለሁ፣ ሜዳው ላይ ካለው የአሸዋ ጉድጓድ መውጣት አቅቶኝ፣ ስብስቡ ውስጥ ደሞ ለአሸዋ የሚሆን ዱላ ስላልነበረ። አልጸጸትም። ፓተሬ (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የማንከባልልበት ዱላ) ግን ያው የመጀመሪያው አሮጌ ነው፣ በአንድ ጨዋታ በ41 ፓት (የፓተር ምት) የምጨርሰውን ወደ 35 ያወረደልኝ ከአንድ ሜትር ተኩል ደጋግሞ መለማመድ ነው።

ቅዳሜ ለት ድራይቨሩን ስድስት ጊዜ ብቻ ነው ያወጣሁት፣ አራቱ ፌርዌይ (ሣሩ የታጨደው የሜዳው መሃል) ላይ ቆሙ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ሄዱ። ሁለቱም ከ14ኛው ሆል በኋላ ናቸው፣ ሲደክመኝ እጄ ቀስ እያለ ወደ ድሮው ይመለሳል። ይሄን ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ሐሙስ ስድስተኛው ትምህርቴ ነው፣ ጓንቴን ማታ ገልብጬ አየሁት፣ አራት ወር ለብሼዋለሁ፣ መዳፉ ግርጌ ላይ ምንም ቀዳዳ የለውም።