ዛሬ ታቦር ተራራ ሥር

ቤተ ክርስቲያናችንን ሊሠሩ ከውጭ የመጡት ወገኖች ነገ ይሄዳሉ። ሁለት ሳምንት አብረን አሸዋ ነፋን፣ ባሬላ ተሸከምን። በዚህ በሐዋሳ ፀሐይ!

ዛሬ ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ሦስት ረድፍ ብሎኬት ደረደሩ። ግንበኛችን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ገመድ፣ ቱንቢውን፣ ጣል አደረገ። ግድግዳው ዘሟል። "አባባ፣ ይሄ መፍረስ አለበት" አላቸው። ስተረጉምላቸው ተጨነቅኩ። እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም። ጎንበስ ብለው ራሳቸው አፈረሱት። ከዚያ "አሳየኝ" ብለው አጠገቡ ቆሙ።

እውነቱን ለመናገር፣ በአውሮፕላን ትኬቱ ስንት የሰፈር ልጅ የቀን ሥራ ያገኝ ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት። አሁንም እንደዚያው አስባለሁ። ያቺን ማጎንበስ ግን አልረሳትም።

ማታ ስንጸልይ ነህምያን አነሳን። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን አለቀ። የእኛ ገና ቆርቆሮው ይቀራል። ስንለያይ ግንበኛው ቱንቢውን ለሽማግሌው ሰጣቸው።